«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት፦ ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው?

ጥያቄ፦ «ከሦስት ወር በፊት የ2008 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ገዛሁ። ከዱባይ የገባ፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር፣ ማኑዋል ማርሽ ነው። ጠዋት ሳስነሳው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ‹ክርክርክር› ይልና ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ደግሞ ቆሞ ሲሠራ ቀጠን ያለ ‹ታክ ታክ› ይሰማኛል። ሰሞኑን አዋሽ ደርሼ ስመለስ፣ ሽቅብ ላይ ነዳጅ ስሰጥ ቅጭልጭል የሚል ሌላ ድምፅ አወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሰምቼው አላውቅም። አንድ መካኒክ ‹ቢዬላ መትቷል፣ ሞተሩ ይውረድ› አለኝ። ሌላው ‹የቶዮታ ጸባይ ነው፣ ዝም ብለህ ንዳ› አለኝ። ማንን ልመን?»

በጻፉልኝ መሠረት ሞተሩ አይውረድ። ቢያንስ አሁን አይውረድ። «ዝም ብለህ ንዳ» ያሉዎትንም አይስሙ። የነገሩኝ ሦስት ድምፅ ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ቦታ የሚመጡ አይመስለኝም። የጠዋቱ ከዘይት ጋር የተያያዘ ይመስላል። ቆሞ ሲሠራ የሚሰሙት ታክታክታ ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም አየርና ጭስ የሚያሳልፉትን ባልቦላዎች የማስተካከል ሥራ ነው። እኔን ያሳሰበኝ በመጨረሻ የጠቀሱት ነው፤ ከአዋሽ ሲመለሱ ሽቅብ ላይ የሰሙት። ሁለቱም መካኒኮች ስለ እሱ ምንም አላሉም።

ቢዬላ ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው፤ ይህን ቃል የሰማ ባለመኪና እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቃለሁ። ሞተር ማውረድ ብዙ ብር ነው። ከብሩ በላይ ደግሞ፣ አንዴ የተከፈተ ሞተር እንደ ፋብሪካው ሥራ ተመልሶ መገጠሙ በሠሪው እጅና ጥንቃቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃ፣ ከዚያ መፍቻ።

መኪና «ድምፅ አለው» ተብሎ ሲመጣልኝ፣ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ባዶውን ሲዞር ነው ወይስ ሲከብደው? ድምፁ የሚፈጥነው ከሞተሩ ዙር ጋር ነው ወይስ ከጎማው ጋር? ድምፁ ምን እንደሚመስል የምጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ «ታክ ታክ» የሚለውን ሌላው «ቻክ ቻክ» ይለዋል፤ በቃል መግባባት ያስቸግራል። ጊዜው ላይ ግን አንሳሳትም።

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ራስዎ ማግኘት ይችላሉ። ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ እየሄዱ ማርሹን ፎሌ ያድርጉት። የሞተሩ ዙር ወዲያው ይወርዳል። ድምፁ አብሮ ከወረደ ከሞተሩ ነው። መኪናው እየተንከባለለ ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ ግን ከኩሽኔታ፣ ጎማውን ከሚያዞረው ሰሚያስ ወይም ከጎማ ነው፤ ሞተሩን ይተዉት።

ሙቀቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ያረጀ ፒስተን ጠዋት ጠበብ ብሎ ስለሚያድር የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታል፤ ሞቆ ሲሰፋ ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። የጭስ ማውጫው ኮሌተር ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲበላም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ጭጭጭ ይላል፣ ብረቱ ሲሰፋ ቀዳዳው ይዘጋና ዝም ይላል። ቀዳዳው አካባቢ የጥላሸት መስመር ያያሉ። ብሮንዚን የምንለው፣ ቢዬላው ኮሎው ላይ የሚዞርበት ስስ ቅርፊት፣ ግን ተቃራኒው ነው። ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ይሸፍንለታል፤ ሞተሩ ግሎ ዘይቱ ሲቀጥን ድምፁ ይወጣል። ጠዋት ተሰምቶ የሚጠፋና ሲሞቅ እየባሰ የሚሄድ ድምፅ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ይህን ሳይለዩ «ቢዬላ» ማለት ተገቢ አይደለም።

ጤናማ ሞተርም ዝም አይልም። ጠዋት የእርስዎ መኪና ዙር ከ1,200 እስከ 1,500 ቢደርስና ሞተሩ ጮክ ቢል ትክክል ነው፤ ሲሞቅ ወደ 700 አካባቢ ይወርዳል። ኤሲ ሲከፍቱ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ይልና ዙሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ትራፊክ ላይ ሲቆሙ የራዲያተሩ ፋን በድንገት ይነሳል። ካጠፉት በኋላ ከሥር «ቅጭ ቅጭ» የሚለው የጭስ ማውጫው ብረት ሲቀዘቅዝ ነው። ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮችም በኤሌክትሪክ እየተከፈቱ እየተዘጉ ቀኑን ሙሉ ይንኳኳሉ። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ጸባዩ ሌላ ነው። ናፍጣ በካንዴላ አይለኮስም፤ በታመቀ አየር ግለት ነው የሚነደው፤ ስለዚህ ጤናማው እንኳ ይንኳኳል። አባዱላ ወይም ላንድክሩዘር ሲነዳ የኖረ ሰው የቤንዚን መኪናን አደገኛ ድምፅ ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል።

አሁን ወደ ጠዋቱ ድምፅ እንምጣ። መኪናዎ ላይ ያለው ሞተር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ባልቦላዎቹን ከኮሎው ጋር በጊዜ የሚያስተባብረው ቴምንግ የሚሠራው በጎማ ቺንጋ ሳይሆን በብረት ካቴና ነው። ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር ጉልበቱን የሚያገኘው ከዘይት ግፊት ነው። ቪቪቲ-አይ የምንለው፣ የባልቦላውን መክፈቻ ጊዜ የሚቀይረው ክፍልም እንደዚሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይጠፋል፣ ዘይቱም ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ ፓምፑ ዘይቱን እንደገና ወደ ላይ እስኪያደርስ ካቴናው ለአፍታ ላላ ይላል። የቪቪቲው መቆለፊያ ፒን ካረጀ ደግሞ እሱም ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰከንድ የማይሞላ ክርክርታ ያን ያህል አያስጨንቅም። የእርስዎ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ረዘም ይላል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊልትሮው ነው። በደንብ የተሠራ የዘይት ፊልትሮ ውስጡ የጎማ ክዳን አለው። ሥራው መኪናው ሲያድር ዘይቱ ከፊልትሮው ውስጥ እንዳይመለስ መያዝ ነው። ፎርጅድ ፊልትሮ ላይ ይህ ጎማ ደረቅ ወይም ቀጭን ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይም ጭራሽ የለም። ያን ጊዜ ፓምፑ በየጠዋቱ መጀመሪያ ባዶውን ፊልትሮ ይሞላል፤ ሞተሩ ደግሞ ያለ ዘይት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘይቱ ነው። የእርስዎ ሞተር የተሠራው ለቀጭን ዘይት፣ ለ5ደብልዩ-30 ነው። እኛ ሰፈር ግን ለሁሉም መኪና 20ደብልዩ-50 መሙላት ልማድ ሆኗል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ብርድ ይህ ዘይት ወደ ሞተሩ ራስ፣ ወደ ቴስታታው ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። የቪቪቲው የዘይት መስመር ጠባብ ነው፤ ወንፊትም አለው፤ ወፍራምና የቆሸሸ ዘይት አይመቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መኪናውን ከገዙ ሦስት ወር ነው። ውስጡ ያለው ዘይት የሻጩ ከሆነ ምን እንደሆነ አናውቅም። አንዳንድ ሻጭ ያረጀ ሞተርን ድምፅ ለመደበቅ ሆን ብሎ በጣም ወፍራም ዘይት፣ ወይም ዘይት ማወፈሪያ ይጨምርበታል። ገዢው ለጥቂት ሳምንት ጸጥ ያለ ሞተር ይነዳል፤ ዘይት ሲቀይር ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ዘይት መቀየር ለእርስዎ አሁን ምርመራም ነው። የታመነ 5ደብልዩ-30 እና ኦርጅናል ፊልትሮ ያስገቡ። ከፊልትሮው ጋር ወደ 3.7 ሊትር ይይዛል። በአዲስ ዘይት ጥቂት ቀን ይንዱትና ጠዋት እንደገና ያዳምጡ። ክርክርታው ወደ አንድ ሰከንድ ከወረደ ጉዳዩ አለቀ። ከቆየ፣ ወይም ከአምስት ሰከንድ በላይ ከሄደ ወደ ቴንሽነሩና ወደ ካቴናው እንሄዳለን። ካቴና ሲረዝም ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ፒ0016 የሚል ኮድ ይጽፋል፤ የኮሎውና ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ የካምሻፍቱ፣ አቀማመጥ አልገጠመልኝም ማለቱ ነው። ይህ ኮድ ከክርክርታ ጋር አብሮ ከመጣ አያቆዩት። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ባልቦላና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ።

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆሞ ሲሠራ፣ ያለው ታክታክታ ቀለል ይላል። ረጅም ካቻቢቴ ይፈልጉ። ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዎ ፊት ያለው አጥንት ላይ ያድርጉ። የሚሽከረከር ቺንጋና በድንገት የሚነሳ ፋን አለ፤ የተንጠለጠለ ስካርፍ ወይም ነጠላ ያውልቁ። አራቱንም ኢንጀክተሮች አንድ በአንድ ያዳምጡ። አራቱም እኩል ቢንኳኩና ኮፈኑ ተከፍቶ የሚሰሙት ድምፅ እሱ ከሆነ፣ መኪናው ጤነኛ ነው። ከዚያ ካቻቢቴውን የባልቦላው ክዳን ላይ፣ ከላይ ያሳርፉት። ድምፁ እዚያ ከጎላ ባልቦላ ነው።

ይህ ሞተር የባልቦላውን ክፍተት በራሱ አያስተካክልም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ የአየር ማስገቢያው ባልቦላ ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ የጭስ ማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ለማስተካከል ካምሻፍቱ ይነሳና ውፍረቱ የሚለያይ ቆብ ይቀየራል። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ግን ሞተር አያስወርድም። ጤነኛ ባልቦላ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ቀጭንና እኩል። አንድ ለብቻው የሚጮህ ካለ ይለካ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፦ ክፍተቱ የሰፋ ባልቦላ ይጮሃል፤ የጠበበው ዝም ይላል፣ የሚቃጠለው ግን እሱ ነው። ባልቦላ ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር ካልተገናኘ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት አያገኝም። ስለዚህ «ድምፁ ጠፋ» ብሎ ክፍተቱን ከልኩ በታች የሚያጠብ መካኒክ አይጠቅምዎትም።

ፍጥነቱም ይረዳል። ሞተሩ በደቂቃ 700 ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው ግማሹን፣ 350 ነው። አንድ የላላ ባልቦላ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ይመታል። ከታች፣ ከኮሎው የሚመጣ ምት በአብዛኛው የዚያን እጥፍ ይፈጥናል፤ ድምፁም ወፍራም ነው። መቁጠር አያስፈልግዎትም። ዘገም ያለና ቀጭን፣ ወይስ ፈጣንና ወፍራም የሚለውን ጆሮዎ ይለየዋል።

ወደ ዋናው ልግባ። ሽቅብ ላይ ነዳጅ ሲሰጡ የሚያንቃጭለው ድምፅ፣ እግርዎን ሲያነሱ ወዲያው የሚጠፋው፣ ብዙ ጊዜ የብረት ክፍል መላላት አይደለም። የእሳቱ ድምፅ ነው። ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቁ ካንዴላው ይለኩሳቸዋል፣ እሳቱም ከካንዴላው ተነስቶ በሥርዓት ይሄዳል። ግፊቱና ሙቀቱ ከበዛ ግን እሳቱ ያልደረሰበት ጥግ ላይ ያለው ድብልቅ ራሱ በድንገት ይፈነዳል። ያ ፍንዳታ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን አናት ሲመታ ያ ቅጭልጭልታ ይሰማል። ትንሽ ጊዜ ቢሆን አይገድልም። በየሽቅቡ ከቀጠለ ግን የፒስተኑን ጫፍ ይበላል፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ይሰብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል።

ታዲያ ለምን አዋሽ ላይ እንጂ አዲስ አበባ ላይ አልተሰማም? መልሱ ከፍታው ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተርዎ እዚህ የሚስበው አየር ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊትም ያነሰ ነው። ጉልበቱ የሚቀንሰውም ለዚህ ነው፤ ቅጭልጭልታም አያሰማም። አዋሽ ሰባት ወደ 1,000 ሜትር ነው። እዚያ ግፊቱ 90 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ በዚያ ላይ የሚገባው አየር ትኩስ ነው። የእርስዎ ሞተር ድብልቁን የሚያምቅበት ልክ፣ እምቅታው፣ 10.5 ለ 1 ነው፤ ለቤንዚን ሞተር ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተደብቆ የኖረ ድክመት ቆላ ሲወርድ ይገለጣል። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሰመራ የሚሄድ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። ዓባይ በረሃ ወርዶ ሽቅቡን የሚወጣም እንደዚሁ።

ድክመቱ ምን ሊሆን ይችላል? መጀመሪያ ነዳጁን አስባለሁ። መንገድ ላይ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ቀድተው ነበር? ቤንዚን ውስጥ ነጭ ጋዝ ሲቀላቀል ኦክቴኑ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በራሱ ለመፈንዳት ይቸኩላል። ቀድተው ከነበረ በሚቀጥለው ጉዞ ከማደያ ሞልተው ይሞክሩት። ቀጥሎ ካንዴላ። ሙቀት የማያወጣ፣ ለሌላ ሞተር የተሠራ ካንዴላ ገብቶ ከሆነ ጫፉ ግሎ ራሱ ይለኩሳል። በመጽሐፉ የታዘዘውን ዓይነት ያስገቡ። ከዚያ በፒስተኑ አናት ላይ የተጋገረ ካርቦን። በአዲስ አበባ ትራፊክ አጭር አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ካርቦን ያጠራቅማል። ካርቦኑ ቦታውን ያጠባል፣ እምቅታው ይጨምራል።

ስለ ቴርሞስታት ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ጋራዥ «መኪናው እንዳይግል» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ይህ ሞተርን ይጎዳል። ሞተሩ የሚፈለገው ሙቀት ላይ አይደርስም፣ ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ነዳጁ በደንብ ሳይነድ ካርቦን ይሆናል። በካርቦኑ ምክንያት ደግሞ ቆላ ሲወርዱ ያንቃጭላል። የእርስዎ መኪና ላይ ቴርሞስታቱ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ ይግጠሙለት። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ ካለም ያስቀይሩት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ከላላ ግን ሽቅብ ላይ ሞተሩ ይግላል፣ የጋለ ሞተር ያንቃጭላል።

ሞተርዎ ላይ ይህን ድምፅ የሚያዳምጥ ሴንሰርም አለ። ሲሰማ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩ ካንዴላውን ትንሽ ዘግይቶ ይለኩሳል። ሴንሰሩ ሲበላሽ ፒ0325 የሚል ኮድ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም ለጥንቃቄ ሲል ልኮሳውን ያዘገየዋል፣ መኪናው ይደክማል። ሴንሰሩ ደህና ሆኖ እንኳ ድምፁ በጆሮ የሚሰማ ከሆነ፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ሊያርመው ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው። እኔ ይህን ድምፅ ችላ አልለውም።

እስኪታይ ድረስ አነዳድዎ ሊጠብቀው ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሽቅቡን በ5ኛ ማርሽ አይግፉት። ወደ 4ኛ ወይም 3ኛ ይቀንሱ፣ ዙሩ ከ2,500 በላይ ይሁን፣ እግርዎን ቀለል ያድርጉ። ዝቅ ባለ ዙር በሙሉ ፔዳል መጫን ነው ሞተርን የሚያስጨንቀው፤ ከፍ ያለ ዙር አይደለም።

አሁን መካኒኩ ያሉትን ቢዬላ እንይ፤ ሰውየው በከንቱ ተናገሩ አልልም። የቢዬላ ምት ወፍራም ነው፣ ዱክ ዱክ ይላል። ከታች ይመጣል፤ አንዳንዴ ከጆሮ ይልቅ በእግር ወለሉ ላይ ይሰማል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይብሳል። ዙሩን ከ2,000 እስከ 2,500 አድርሰው ፔዳሉን በቀስታ ሲለቁና መልሰው ሲነኩ ጎልቶ ይወጣል። እርስዎ ከነገሩኝ ሦስት ድምፆች ውስጥ ይህን የሚመስል የለም። ሆኖም የጠዋቱ ክርክርታ ዘይት ባልደረሰው ያረጀ ብሮንዚን ሊመጣ ይችላልና፣ በግምት አንተወው። ይለካ።

መለኪያው ቀላል ነው። የዘይት ግፊት አምፖሉን የሚያበራው ትንሽ ስዊች ይፈታና በቦታው የግፊት ጌጅ ይታሰራል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይለካል። ጋራዥ ውስጥ የምንጠቀምበት ግምት በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። ሞቆ በ3,000 ዙር 30 እና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ሞተርን አንድም ሰው እንዲያወርደው አልፈቅድም። ድምፅ ካለ ደግሞ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀሉ ይሞክራሉ። የታመመው ሲሊንደር ነዳጅ ሲያጣ ጭነቱ ይቀልለታል፣ ምቱም ይደክማል ወይም ይጠፋል። አንድም ሶኬት ሲነቀል የማይለወጥ ድምፅ ከሆነ ቢዬላ መሆኑን እጠራጠራለሁ። የነቀሉት ሶኬት የሞተሩን መብራት ያበራል፤ በኋላ ይጠፋል፣ አይደንግጡ።

ዘይቱን ሲቀይሩም አሮጌውን በንጹህ ዕቃ ይቀበሉትና ፀሐይ ላይ ያዩት። ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ካለ ፊልትሮውን አስቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉት። ብዙ መካኒክ ማግኔት ይነክርና ምንም ካልያዘ «ንጹህ ነው» ይላል። የብሮንዚን የሚታሸው ገጽ የሚሠራው ከአልሙኒየም፣ ከመዳብና ከቲን ነው፤ ማግኔት አይስበውም። በዓይን ነው የሚታየው።

ቢዬላ ተብሎ ሞተር የሚያስወርዱ ድምፆች ብዙ ናቸው። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚከልለው ላሜራ ቡሎኑ ሲላላ ይንኳኳል። ሞተሩን የያዘው ጎሚኒ ሲበጠስ ሞተሩ ሻሲውን ይመታል። የኤሲው ኮምፕረሰር፣ የዲናሞው ወይም የውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ ሲያልቅ ከሞተሩ ዙር ጋር እኩል ይጮሃል፤ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ይህን ለመለየት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የውጭውን ቺንጋ ያስወልቁና ያስነሱት። ድምፁ ከጠፋ ከሞተሩ ውስጥ አይደለም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ግን እንዳይሠራ። የእርስዎ መኪና የውኃ ፓምፕ የሚዞረው በዚሁ ቺንጋ ነው። የባትሪው መብራት ይበራል፤ ዲናሞው ስለቆመ ነው። ይህን ቀላል ነገር ሳይሞክሩ ሞተር ይውረድ ማለት አይገባም።

ቺንጋው ራሱ ጠዋት ወይም መኪና ከታጠበ በኋላ «ሲጥጥ» ካለ ላልቷል ወይም ደርቋል። ግራሶም ሆነ ሳሙና አይቀቡት። ይወጠር ወይም ይቀየር።

የግፊቱ ልኬት ዝቅ ካለም ወዲያው ኮሎው ነው አይባል። የዘይት ቋቱ ይውረድ። ከዚህ በፊት ተፈትቶ ከሆነ ሲሊኮን አብዝተው ቀብተውበት ሊሆን ይችላል። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይወድቅና የፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ፓምፑ ደህና ነው፣ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ግን ይጠማል። ወንፊቱ ሲጸዳ ግፊቱ ሲመለስ አይቻለሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መኪናው ሜዳ ላይ እንዳደረ፣ ሳያስነሱት የዘይቱን ልክ በዘንጉ ይዩ። ከዚያ ሰው ቁልፉን ያዙርልዎ፣ እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው ጎን ቆመው ያዳምጡ። በስልክ ይቅዱት፤ ግን ስልክ ወፍራም ድምፅን በደንብ አይዝም፣ ለመካኒክ ማሳያ እንጂ ለፍርድ አይበቃም። በሳምንቱ ውስጥ ዘይትና ፊልትሮ ያስቀይሩ፣ ካንዴላዎቹን ያስወጡና ቀለማቸውን ይዩ፣ ቴርሞስታቱን ያስፈትሹ፣ ኮዱን ያስነብቡ፣ ግፊቱን ያስለኩ። «ሞተሩ ይውረድ» ያሉትን መካኒክ በአክብሮት «በጌጅ ያሳዩኝ» ይበሏቸው። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

የግፊቱን ቁጥር በሚኒሞና በ3,000 ዙር፣ እንዲሁም ከዘይት ቅየራው በኋላ የጠዋቱ ድምፅ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይጻፉልኝ፤ የሚቀጥለውን እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ድረስ ከተማ ውስጥ መንዳት ይችላሉ። ጭነው ወደ ቆላ አይውረዱ። ቀዩ የዘይት መብራት እየነዱ ከበራ ግን «ጋራዥ ድረስ ልድረስ» አይበሉ። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከጠፋ ወይም ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ ነው። ዳር ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ።